የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትልልቅ ዓይን ስላላቸው ትንንሽ የሌሊት እንስሳት

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጸሐፊዎቻቸው እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስለንም፤ ሆኖም ሁሉም የሚጠይቁት ቀን ተኝተው ሌሊት ስለሚንቀሳቀሱ፣ ከዝንጀሮ፣ ከጦጣ፣ ከጉሬዛና ከእኛም ከሰዎች ጋር በአንድ ሰፊ ወገን ስለሚመደቡ ትንንሽ እንስሳት ነው። ይህን ወገን ሳይንሱ ፕራይሜት ብሎ ይጠራዋል፤ በመልሶቻችንም በዚሁ ስም እንጠቀማለን።

ከኮምቦልቻ የተላከ ደብዳቤ

«የ11 ዓመት ልጄ ሲኮረኩሩት እጆቹን ወደ ላይ የሚዘረጋ፣ ትልልቅ ዓይን ያለው ትንሽ እንስሳ በስልክ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። በዓረብ አገር የሚሠራው ወንድሜም እዚያ ገበያ እንደሚገኝ ሰምቶ ‹ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ› ብሎ ቃል ገብቶለታል። እንስሳው ምንድን ነው? በቤት ውስጥስ ማሳደግ ይቻላል ወይ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ አይቻልም። እባክዎ ለወንድምዎ ዛሬውኑ ደውለው ነገሩን እንዲተወው ይንገሩት።

ልጅዎ ያየው እንስሳ ዝግተኛ ሎሪስ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ሎሪስ እንለዋለን። አገሩ እስያ ሲሆን ከሰሜን ምሥራቅ ህንድና ከባንግላዴሽ አንሥቶ እስከ ቬትናም፣ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ድረስ በተዘረጉት ደኖች ይኖራል። ሲንቀሳቀስ ቅርንጫፉን ሳያናውጥ፣ ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ፣ እጅግ ዝግ ብሎ ነው። አደጋ ሲያጋጥመውም እንደ ጦጣ ዘሎ አያመልጥም፤ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ጭልፊትና እባብን ሊያታልልበት የሚችለው ይህ ጠባዩ ሰውን ግን አያታልልም፤ አዳኙ ደርሶ እንደ ፍሬ ከቅርንጫፉ ላይ ይለቅመዋል።

ስለ እጆቹ ደግሞ ይህን ማወቅ ይገባዎታል። ሎሪስ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ፣ ከክርኑ አጠገብ፣ ቅባት የሚያመነጭ ዕጢ አለው፤ ቅባቱን በምላሱ ሲልሰው ከምራቁ ጋር ተደባልቆ መርዝ ይሆናል። ከፕራይሜቶች መካከል መርዝ እንዳለው የሚታወቀው ይህ ወገን ብቻ ነው። እጆቹን ከራሱ በላይ የሚያነሣው አፉ ከዚያ ዕጢ ጋር እንዲገናኝ፣ ማለትም ለመንከስ ሲዘጋጅ ነው። ስለዚህ በቪዲዮው ላይ ሕፃናት የሚስቁለት እንቅስቃሴ ደስታ ሳይሆን የጭንቀት ምልክት ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ባወቅሁ ጊዜ ቪዲዮውን ስንት ጊዜ ፈገግ ብዬ እንዳየሁት አስቤ በጣም አዝኛለሁ። ንክሻው ብርቱ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ እስትንፋስን እስከ መዝጋት የሚደርስ አደገኛ የአለርጂ ምላሽ ያስከትላል።

ነጋዴዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ገበያ ከማውጣታቸው በፊት የፊት ጥርሶቹን በጥፍር መቁረጫ ወይም በፒንሳ ይቆርጧቸዋል። ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። ድዱ ይመግላል፤ ብዙዎቹ በዚያው ቁስል ይሞታሉ። ከሞት የተረፈውም ቢሆን ከነጋዴ እጅ ተነጥቆ ወደ ጫካ ሊመለስ የሚችልበት ተስፋ የጠበበ ነው፤ ቅርፊት ቦርቡሮ የዛፍ ሙጫ የሚያወጣውም ሆነ ራሱን የሚከላከለው በእነዚያ ጥርሶች ነበርና። እንግዲህ ወንድምዎ ገበያ ላይ ጥርሱ ያለ ሎሪስ ቢያገኝ ልጅዎ ይነከሳል፤ ጥርሱ የሌለ ቢያገኝ ደግሞ የሚገዛው የተሠቃየና ዕድሜው ያጠረ እንስሳ ነው። ሦስተኛ አማራጭ የለም።

ቤት ውስጥ ሊያድግ የማይችልበት ሌላም ምክንያት አለ። ዓይኖቹ የተሠሩት በጨረቃና በከዋክብት ብርሃን ለማየት ነው፤ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ብርሃን የሚያንጸባርቅ ንጣፍ ጥቂቷን ብርሃን ሁለት ጊዜ እንዲጠቀምባት ያስችለዋል። እንዲህ ያለውን ዓይን ቀን በመስኮት አጠገብ፣ ሌሊት በአምፖል ሥር ማኖር ማሠቃየት ነው። ምግቡ ሙጫ፣ የአበባ ወለላና ነፍሳት ሆኖ ሳለ በቤት የሚሰጠው ሙዝና ሩዝ ነው፤ በዚህም ያለ መጠን ይወፍራል፣ ጥርሱና ኩላሊቱም ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የተሠራጩ 100 የሎሪስ ቪዲዮዎችን መርምሮ፣ እንስሳው ምንም ዓይነት የአያያዝ ጉድለት ያልተፈጸመበት አንድም ቪዲዮ አላገኘም።

በሕግ በኩልም በሩ ዝግ ነው። ሎሪሶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቴስ ስምምነት አባሪ አንድ ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ይህም ከዱር የተያዙትን ለንግድ ከአገር ወደ አገር ማዘዋወርን ይከለክላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ስለሆነች፣ ወንድምዎ እንስሳውን ይዞ ቢመጣ በሁለት አገር ሕግ ተጠያቂ ይሆናል።

ልጅዎን ግን እንዳይቆጡት አደራ እላለሁ። ያደረበት ፍቅር ነው፤ ፍቅሩ ግን ያልተነገረው ነገር አለ። ያንን ቪዲዮ አብረውት ይክፈቱና፣ የእጆቹን ትርጉም እርስዎ ሳይሆኑ እርሱ ራሱ ለእኅቶቹና ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ያድርጉት። ከዚያ ወዲያ ቪዲዮውን ላለማየትና ለሌላ ላለማጋራት ቢወስን ትልቅ ነገር ነው፤ ቪዲዮው ብዙ በታየ ቁጥር «እኔም በኖረኝ» የሚለው ሰው ይበዛል፣ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ደግሞ ወደ ጫካ የሚገባው አዳኝ ይበዛልና። ሎሪስ ለስድስት ወር ያህል አርግዛ ባብዛኛው የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ስለሆነ፣ ከጫካ የወጣውን ቁጥር የሚተካ ነገር ቶሎ አይመጣም። ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ካሉት አንዱ የጃቫው ሎሪስ ነው።

ከደሴ የተላከ ደብዳቤ

«የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከአዋሽ በገዋኔ አድርጌ ወደ ሚሌ ስጓዝ፣ ለምሳ በቆምኩበት ቦታ አንድ ልጅ በካርቶን ውስጥ ትልልቅ ጆሮና ዓይን ያለው፣ ጅራቱ ረዘም ያለ፣ ከጭብጥ እምብዛም የማይበልጥ እንስሳ ይዞ ‹ግዛኝ› አለኝ። አልገዛሁትም። ባቲን አልፌ ኮምቦልቻ እስክገባ ድረስ ግን ሲቆጨኝ ነበር። ገዝቼ ራቅ ካለ ጫካ ብለቅቀው አይሻልም ነበር?»

ወንድሜ፣ አለመግዛትዎ ትክክል ነበር፤ መቆጨትዎም ትክክል ነበር። ሁለቱ አይጣሉም።

እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ያዩት ጋላጎ ይመስለኛል። ጋላጎ የአፍሪካ እንስሳ ነው፤ በአገራችንም በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ግራሮች መካከል የሚኖረው ትንሹ ጋላጎ ክብደቱ 200 ግራም አካባቢ ነው፤ ሩብ ኪሎ ቡና እንኳ አይሞላም። እንደ ሎሪስ ቀርፋፋ አይደለም። ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ላይ ከ2 ሜትር በላይ ይዘላል፤ ጆሮዎቹንም ለየብቻ እያዞረና እያጠፈ በጨለማ የምትበርረውን ነፍሳት በድምፅ ተከታትሎ ይይዛል። ይህን እንስሳ ሌሊት በእጅ መያዝ የማይሞከር ነው። በካርቶን ውስጥ የሚገኘው ቀን በጎድጓዳ ዛፍ ወይም በጥቅጥቅ ቅርንጫፍ ውስጥ ተኝቶ ሳለ የተያዘ ወይም እናቱ የተገደለችበት ግልገል ቢሆን ነው።

ገዝተው ቢለቅቁት ምን ይሆን ነበር? ልጁ የከፈሉትን ገንዘብ ይቆጥራል እንጂ እንስሳውን ምን እንዳደረጉት አይጠይቅም። በማግስቱ ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል፤ ለጓደኞቹም ሹፌሮች እንደሚገዙ ይነግራቸዋል። በርኅራኄ የወጣ ብር እንዲህ አድርጎ ገበያ ያቋቁማል። መልቀቁም ቢሆን እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም፤ ጋላጎ የሚኖረው ድንበሩን፣ የመኝታ ዛፉንና የሙጫ ዛፉን በሚያውቅበት ሰፈር ነው። ከቆላ ተነሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ፣ በጦሳ ተራራ ብርድ ውስጥ የተለቀቀ ጋላጎ ነፃ ወጣ ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በስልክዎ ይመዝግቡ፤ ልጁን ለማሳፈር ፎቶግራፍ አያንሡት፣ እንስሳውንም በእጅ አይንኩት። ቀጥሎም በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ፣ በፓርክ አካባቢ ከሆነ ለፓርኩ ስካውቶች፣ ወይም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያሳውቁ። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን፣ መያዝና መሸጥ የተከለከለ ነው። ከነጋዴ እጅ የተነጠቁ እንስሳት እንክብካቤ የሚያገኙበት እንስሳ ኮቴ የተባለ ማዕከልም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ በኩል አለ። ከነከሰዎት ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከየትኛውም አጥቢ እንስሳ ንክሻ ሊተላለፍ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ስለ ልጁም አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኑን የያዘው ችግር ነው። በዚህ ንግድ ትርፉን የሚሰበስበው መንገድ ዳር የቆመው ልጅ አይደለም። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከአገራችን ምሥራቃዊ ቆላ ተነሥተው በሶማሌላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው ለሀብታሞች ማጌጫ ሲሆኑ ለብዙ ዓመታት አይተናል፤ ግልገሉን ከመደበቂያው ያወጣው አርብቶ አደር የሚያገኘው ገንዘብ፣ ከባሕሩ ማዶ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ለፖሊስ ሲናገሩ «ይህን ልጅ እሰሩልኝ» ሳይሆን «ይህን ዕቃ ማን እንደሚቀበለው ድረሱበት» ቢሉ ደስ ይለኛል። የእርስዎ ባልደረቦች በዚህ መስመር ላይ ከማንም የተሻለ ዓይን አላቸው፤ «አድርስልኝ» ተብሎ የሚሰጥን፣ ቀዳዳ የተበሳበትን ካርቶን ያለመቀበል ሥልጣን ያለው ሹፌሩ ነው።

ከሐርቡ አካባቢ፣ በኮምቦልቻ ፖስታ ቤት በኩል የተላከ ደብዳቤ

«በማሳዬ ዳር አባቴ ያቆያቸው አሮጌ ግራሮች አሉ። ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ ለጣውላ አይሆኑም። ቆርጬ ለከሰል ሸጬ በቦታቸው ባሕር ዛፍ ልተክል አስቤ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ‹አባባ፣ እነዚያ ዛፎች ቤት ናቸው› ብሎ ከለከለኝ። የማን ቤት ናቸው?»

አባቴ፣ ልጅዎ ደኅና ተምሯል። የእርስዎም አባት ያለ ትምህርት ቤት ያወቁት ነገር ነበራቸው ማለት ነው።

ለእነዚህ የሌሊት እንስሳት ከአንድ ወጣት ዛፍ ይልቅ ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ዛፍ ይበልጥባቸዋል። ቀኑን የሚያሳልፉት፣ ግልገላቸውን የሚያኖሩት፣ ከጭልፊት የሚሸሸጉት በዚያ ባዶ ሆድ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጎድጓዳ እስኪፈጠር ቅርንጫፍ መሰበር፣ ውኃ መግባት፣ እንጨቱ መበስበስ አለበት፤ ይህም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ጥላ ለመስጠት የሚፈጥን ቢሆን እንኳ ቤት ለመሆን የልጅ ልጆችዎን ዕድሜ ይጠብቃል።

ከዚያ ሌላ ሙጫው አለ። በበጋ ነፍሳት ሲጠፉ ጋላጎን ከረኃብ የሚያወጣው ከግራር ግንድ የሚፈሰው ሙጫ ነው። እኛም በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ ከግራር ላይ እየላጥን ያኘክነው ያው ሙጫ ነው። ባሕር ዛፍ ለምሰሶና ለማገዶ ጥቅሙ አይካድም፤ የምንኖርበትን ቤት ያቆመው እርሱ ስለሆነ አላማውም። ነገር ግን ለጋላጎ ሙጫም ጎድጓዳም አይሰጠውም።

በእርስዎ ማሳ ጋላጎ አለ ብዬ አልነግርዎትም፤ በዓይኔ አላየሁም። ጎድጓዳው ግን ባዶ እንደማይሆን አውቃለሁ። ጉጉት ቢኖርበት የጎተራዎን አይጥ ይለቅምልዎታል፤ ንብ ቢገባበት ማር ነው። ልጅዎ «ቤት» ያለውም ይህንኑ ሁሉ አስቦ ይመስለኛል።

ዛፍ በዛፍ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን የሌሎች አገሮች ታሪክ ያሳያል። በምዕራብ ማዳጋስካር ሜናቤ በሚባል አካባቢ ደረቅ ደን ውስጥ የማዳም ቤርት አይጥ ሌሙር የምትባል፣ ወደ 30 ግራም የምትመዝን፣ ከዓለም ፕራይሜቶች ሁሉ ትንሿ እንስሳ አለች። ደኑ ለበቆሎ እርሻ እየተመነጠረና እየተቃጠለ ስለሄደ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት መካከል ናት። በታንዛኒያ የባሕር ዳርቻ ደግሞ 60 ግራም ያህል የሚመዝነው የሮንዶ ጋላጎ የቀረው እዚህም እዚያም በተበጣጠሱ ትንንሽ ደኖች ውስጥ ነው። እነዚህን እንስሳት ማንም ጥይት ተኩሶ አልጨረሳቸውም፤ የቆሙበት ቅርንጫፍ ነው ከሥራቸው የሄደው። የሚያሳዝነው ደግሞ ማንም ሳያያቸው መሄዳቸው ነው። ጭላዳ ከአንድ ገደል ቢጠፋ የአካባቢው ሰው በሳምንቱ ይጠይቃል፤ የሌሊት እንስሳ ቢጠፋ ግን የሚጠይቅ የለም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ።

በጃቫ ደሴት የሚሠሩ ተመራማሪዎችና ገበሬዎች ያደረጉት ነገር ለእርስዎ ማሳ ሊያገለግል ይችላል። በዚያ ሎሪሶች የሚኖሩት በእርሻ መካከል ተበታትነው በቀሩ ዛፎች ላይ ነው፤ ሎሪስ መዝለል ስለማይችል ከዛፍ ዛፍ ለመሄድ መሬት ይወርድና በውሻ ይነከስ ነበር። ስለዚህ የመስኖ ቱቦዎችን ከዛፍ ዛፍ እያያያዙ ዘረጉለት። ቱቦው ውኃውን ለማሳው ያደርሳል፣ ሎሪሱም በላዩ ተራምዶ ይሻገራል። ገበሬው ያጣው ነገር የለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ጎድጓዳ ያላቸውን ግራሮች፣ ቢደርቁም እንኳ፣ ይተዉዋቸው፤ የተሰበሩና የወደቁ ቅርንጫፎቻቸው ለማገዶ ይበቃሉ። ባሕር ዛፉን ከማሳው ማዶ፣ ከምንጭና ከሰብል ራቅ አድርገው ይትከሉት። በግራሮቹ መካከል ክፍተት ካለ ደግሞ የአገር ችግኝ ይጨምሩበት፤ ቅርንጫፎቹ ሲገናኙ ለእንስሳው መንገድ ይሆናሉ። ከሰል ለሚፈልግ ነጋዴ ወደ አፋር ቆላ ቢወርድ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾህ ግጦሹን ወርሮ አርብቶ አደሩን አስጨንቆታል፤ ከእርሱ የሚሠራው ከሰል ጥሩ ከሰል ነው፣ ቢቆረጥም የሚያለቅስለት የለም። የከተማ አንባቢዎቻችንም ከሰል ሲገዙ ከምን ዛፍ እንደተሠራ ሻጩን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ገዢ የሚጠይቀውን ነገር ነጋዴ መስማቱ አይቀርምና።

ከደሴ፣ ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የተላከ ደብዳቤ

«አያቴ የሌሊት እንስሳ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ከተሰማ መጥፎ ነገር ይመጣል ትለኛለች። እውነት ነው? ጋላጎን ማየት ብፈልግስ እንዴት ነው የማየው?»

ልጄ፣ የአያትሽን ጆሮ አድንቄዋለሁ። የጋላጎ ጩኸት በእርግጥ ከሕፃን ልቅሶ ጋር ይመሳሰላል፤ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስምም «የጫካ ሕፃን» ማለት ነው። ነገር ግን ድምፁ የሚወጣው ድንበር ለማስታወቅ፣ የተለያዩ ጓደኞች እርስ በርስ እንዲገናኙ ወይም አዳኝ መምጣቱን ለመናገር ነው። ስለ ሰው ዕጣ የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ለአያትሽ በአክብሮት ንገሪያት፤ በማዳጋስካር አዬ አዬ የተባለውን ሌላ የሌሊት ፕራይሜት በአንዳንድ መንደሮች «መዓት ጠሪ ነው» እያሉ ባዩት ቁጥር ስለሚገድሉት ቁጥሩ ተመናምኗል።

ለማየት ከፈለግሽ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከትምህርት ቤታችሁ የተፈጥሮ ክበብ ጋር መሄድ ይሻላል፤ ሌሊት ያለ ስካውት መውጣት አይፈቀድም፣ ጅብና አንበሳ ያለበት ቦታም ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች ግራሮቹ አጠገብ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የእጅ ባትሪያችሁን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ነጭ ብርሃን ዓይናቸውን ያሳውረዋልና። ባትሪውን በግንባርሽ ትይዩ ያዢና ከግንዱ አንሥተሽ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ በዝግታ አንቀሳቅሺው። ሁለት ፍም የመሰሉ ነጥቦች ቢያበሩና ወዲያው ጠፍተው በሌላ ቅርንጫፍ ላይ እንደገና ቢታዩ፣ ያየሽው ጋላጎ ነው። ያን ጊዜ ባትሪውን አጥፊና አድምጪ።